የዱቄትና የስኳር ቦቴ ሲራገፍ የሚሠሩ ስህተቶች

ቱቦውን አገናኝ፣ ብሎወሩን (አየር የሚነፋውን ማሽን) አስነሳ፣ ቫልቩን ክፈት፣ በቃ። ዱቄት፣ ስኳር ወይም ስታርች የጫነ ቦቴን በአየር ግፊት ወደ ሲሎ (ረጅሙ ማጠራቀሚያ ጋን) ማራገፍ ከሩቅ ሲያዩት ይኸው ነው። ጣጣው ያለው «በቃ» የምትለዋ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ቱቦው ሳይገናኝ ነው። የክዳኑ ማሸጊያ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሳይመሳከር፣ ቦቴው ከዚህ በፊት ምን እንደጫነና መቼ እንደታጠበ ሳይጠየቅ ሥራ ይጀመራል። ጥግ ላይ የቀረ ትንሽ የወተት ዱቄት ወተት ለማይስማማው ሰው አደጋ ነው። የሲሎ መሙያ ቧንቧዎች ደግሞ ጎን ለጎን ተደርድረው መንትያ ይመስላሉ። ስኳር የዱቄት ሲሎ ውስጥ ከገባ ሁለቱም ከሰሩ። ስለዚህ ቧንቧው በቁልፍ ይዘጋ፤ የሚከፍተውም ሾፌሩ ሳይሆን ተረካቢው ይሁን። ሲሎው ውስጥ በቂ ቦታ መኖሩንም እዚያው ያረጋግጥ።

ቱቦን መሬት ላይ መጎተት ሌላው ነው። አፉ ላይ የተጣበቀ አሸዋ ቀጥታ ምግቡ ውስጥ ይገባል። መክደኛው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ተመልሶ ሲገጠምም ያው ነው። መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ጎማም እዩ። ቁራሽ ከጎደላት፣ የጎደለው የት ገባ? መልሱን ባትወዱትም ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ቫልቭን በአንዴ ወለል አድርጎ መክፈት። ብዙ ሰው ብዙ ሲከፈት ቶሎ የሚያልቅ ይመስለዋል። ቧንቧው ውስጥ ግን ዱቄቱን ተሸክሞ የሚሄደው አየሩ ነው። ጭነቱ ከአየሩ አቅም ካለፈ ዱቄቱ ይተኛል፣ መታጠፊያው ላይ ይከመራል፣ ቧንቧው ይደፈናል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ የተቸኮለበት ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን ቧንቧ በአየር ንፉት። ታንኩ ግፊት ይያዝ፤ የግፊቱ ጣሪያ ስንት እንደሆነ ታንኩ ላይ በተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ባር ነው። ከዚያ የአንዱን ሆፐር (ዱቄቱ የሚወርድበት የታንኩ ሾጣጣ ታች) ቫልቭ ብቻ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፣ ዓይናችሁ ከግፊት መለኪያው ጌጅ አይነሳ። የመስመሩ ግፊት ሽቅብ መውጣት ከጀመረ ዱቄቱን ቀንሱና አየሩ መንገዱን እስኪያጸዳ ታገሡ። ከተደፈነ ደግሞ ግፊቱን ሳታስወጡ መጋጠሚያ እንዳትፈቱ፤ ቱቦው እንደ ጅራፍ ይገርፋል።

አልወርድ ሲል በመዶሻ መደብደብም አለ። የተሰረጎደ ሆፐር ላይ ዱቄት በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይይዛል። መታየት ያለባቸው ከሥር አየር የሚነፉት ንጣፎች ናቸው።

አየሩ እንደሚሞቅ የሚዘነጉም ብዙ ናቸው። ብሎወር አየርን ወደ 1 ባር ሲጨምቀው ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ትኩስ አየር ያገኘው ስኳር ሲሎ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል። ለስኳር ማቀዝቀዣ ያለው ብሎወር ይሻላል።

የመሬት ሽቦ አለማገናኘት «ዱቄት እንጂ ቤንዚን አይደል» ከሚል ይመጣል። ዱቄት ቧንቧ ውስጥ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ አየር ላይ የበነነ ዱቄት ደግሞ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1878 ሚኒያፖሊስ ውስጥ የዱቄት ወፍጮ ፈንድቶ 18 ሰው ገድሏል። በ2008 አሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ፖርት ዌንትወርዝ በሚገኝ የስኳር ፋብሪካ የስኳር ብናኝ ፈንድቶ 14 ሠራተኞች ሞተዋል። የተበተነ ዱቄትን በአየር እየነፉ «ማጽዳት»ም እዚህ ላይ ይደመራል።

ሊያልቅ ሲል ሾፌሩ ይዘናጋል። ቦቴው ባዶ ሲሆን የሚያግደው ዱቄት ስለሌለ ታንኩ ውስጥ የታመቀው አየር በአንዴ ወደ ሲሎው ይገነፍላል። ሲሎ ግን እንደ ቦቴው ግፊት እንዲችል አልተሠራም። አየሩ የሚወጣበት የሲሎው ማጣሪያ ከተደፈነ ጣሪያው ሊነሳ ይችላል። ግፊቱ መውረድ ሲጀምር አየሩን ቀንሱ። ማጣሪያውን ደግሞ ሥራው ሳይጀመር እዩት።

የመጨረሻው ስህተት ሰው ይገድላል፤ ግፊት ያለበትን ክዳን መክፈት። 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ክዳን ግማሽ ባር ብቻ ከሥር ሲገፋው 1 ቶን ያህል ጉልበት አለው። ጌጁ ዜሮ ቢልም አትመኑት፣ ቀዳዳው በዱቄት ይደፈናል። የአየር ማስወጫውን ክፈቱ፣ ፉጨቱ ጸጥ እስኪል ጠብቁ፣ ከዚያ መሰላሉን ውጡ።