ቀኑን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፦ የፍሪጅ ምግብ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሱፐርማርኬት ውስጥ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። እቃውን ገልበጥ እናደርጋለን፣ ኤክስፓየር ዴቱን እናያለን፣ ካላለፈ ቅርጫት ውስጥ እንጨምራለን። ጥሩ። ግን ከቀኑ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን፣ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ይቀመጥ የምትለዋን መስመር ስንቶቻችን እናነባለን? ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ቀኑ የሚሠራው መስመሯ ከተከበረች ብቻ ነው። ሞርታዴላው እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያል ሲባል፣ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ በተባለው ቅዝቃዜ ከቆየ ማለት ነው እንጂ፣ ግማሽ ቀን ባንኮኒ ላይ ውሎ፣ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ ያደረም ቢሆን ማለት አይደለም። ቆጣሪ እንዳይቆጥርባቸው ማታ ማታ ፍሪጅ የሚነቅሉ ሱቆች እንዳሉ ደግሞ እናውቃለን።

ስለዚህ መጀመሪያ እቃውን ንኩት። በደንብ ካልቀዘቀዘ ተዉት። በረዶ የሆነ ዶሮ ከሆነ ላስቲኩን ገልብጣችሁ ግርጌውን እዩ፤ ቀላ ያለ ውሃ አንድ ጥግ ተጠራቅሞ በረዶ ከሠራ፣ ዶሮው መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና ረግቷል። ቀኑ ዓመት ቢቀረው እኔ አልገዛውም።

ሁለተኛው ስህተት «ለአዲስ አበባ ምን ፍሪጅ ያስፈልጋታል» የሚለው ነው። ክረምት ላይማ ይብሳል፤ ሐምሌ ላይ በብርድ ተቆራምደን የገበታ ቅቤውን፣ ክሬሙን ቁም ሳጥን ላይ እናሳድራለን። ለእኛ በረደን ማለት ግን ለባክቴሪያ በረደው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ ከ5 ዲግሪ እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለባክቴሪያ መራቢያ የሚመች ነው፣ የበሰለ ምግብም ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። የአዲስ አበባ ማድ ቤት ክረምትም ቢሆን ከ5 ዲግሪ በጣም በላይ ነው። ከስታዲየም አካባቢ ፕሮቮሎኒ አይብና እርጎ ገዝታችሁ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሙም ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። የፍሪጅ እቃ መጨረሻ ላይ ይነሳል፣ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ይገባል።

የተገላቢጦሹም አለ። «ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚለው ፍሪጅ ማለት አይደለም። ፀሐይና ምድጃ የማያገኘው መደርደሪያ ማለት ነው። ፓስታውን፣ ብስኩቱን ፍሪጅ ውስጥ አታጨናንቁ። ማር ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ድርቅ ይልባችኋል።

ወተት ላይ ሰው በጣም ይምታታበታል። በላስቲክ የሚሸጠው ፓስቸራይዝድ ወተት ተሞቋል እንጂ ውስጡ ያለው ሁሉ አልሞተም፤ ከፋብሪካ እስከ ስኒያችሁ ድረስ ከቅዝቃዜ መውጣት የለበትም። በካርቶን የሚመጣው ዩ ኤች ቲ የሚባለው ሌላ ነው። ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሴኮንድ ተሞቆ በንጹሕ ማሸጊያ ስለታሸገ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ለወራት ይቀመጣል። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። ስህተቱ የሚመጣው ከተከፈተ በኋላ ነው፤ «ገና 5 ወር ይቀረዋል» ተብሎ የተከፈተ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ ያድራል። መቀስ ካርቶኑን ከነካ በኋላ ያ 5 ወር የለም። ፍሪጅ ገብቶ በጥቂት ቀን ማለቅ አለበት፣ ስንት ቀን እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ማዮኔዝ፣ ማርማላታ፣ የታሸገ ጁስም ከተከፈቱ ወዲያ ሁለተኛ ሕግ አላቸው፣ «ከተከፈተ በኋላ» ከሚለው ቃል አጠገብ ፈልጉት። ቱና ከተረፋችሁ ከነጣሳው ፍሪጅ አታስገቡት፤ ክዳን ወዳለው እቃ ገልብጡት።

ቀኑ ራሱስ? «ቤስት ቢፎር» የሚለው ጣዕሙ እስከዚያ አይቀንስም ነው የሚላችሁ። በዚህ ኑሮ ውድነት፣ ቀኑ በሳምንት አለፈ ብሎ ፓስታ መጣል ምን የሚሉት ነው? «ዩዝ ባይ» ካለ ግን ቀልድ የለም። የጤና ጉዳይ ነው፣ ቀኑ ካለፈ ይጣላል። እዚህ ላይ «እስኪ ላሽትተው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰው የሚያሳምመው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አይሸትም፣ ጣዕምም አይቀይርም። ሊስቴሪያ የሚባለው እንዲያውም ፍሪጅ ውስጥም ቀስ እያለ ይራባል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ሞርታዴላና ለስላሳ የፈረንጅ አይብ ላይ ቸል አትበሉ። የቁጥሩን ቅደም ተከተልም እዩ፦ 05/06 የአሜሪካ እቃ ላይ ወሩ 5 ነው፣ የአውሮፓ ላይ ግን 6። የተመረተበት ቀንም አብሮ ካለ አስተያዩት፣ ከ12 የሚበልጠው ቁጥር ወር ሊሆን አይችልም።

አሁን ደግሞ ለእኛ ከተማ የሚሆነው። የተነፋ እቃ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት ስህተት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷም ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ስለዚህ ዱባይ የታሸገ ቺፕስ እዚህ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ላስቲኩ እንደ ፊኛ ይወጠራል። ምንም አልሆነም። እዚሁ የታሸገ የላስቲክ ወተት ወይም እርጎ ከተነፋ ግን በከፍታ አታሳብቡ፣ ውስጡ ጋዝ የሚያመርት ነገር አለ። የቆርቆሮ ጣሳ ካበጠ ከየትም ይምጣ አትክፈቱት፣ አትቅመሱት።

ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ስህተት ልጨምር። የፍሪጁ ማስተካከያ ላይ ያለው 4 ቁጥር 4 ዲግሪ አይደለም። ቁጥሩ ሲጨምር በአብዛኛው ቅዝቃዜው ይጨምራል፣ በቃ። እውነቱን የሚነግራችሁ ትንሽ ቴርሞሜትር ነው። ወተትን በር ላይ ማስቀመጥም ልማዳችን ነው፣ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚሞቀው እሱ ነው፤ ወደ ውስጥ ግፉት።

መብራት ሲጠፋስ? ከፍቶ መፈተሽ ነው ዋናው ጥፋት። ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24። ለበዓል ክፍለ ሀገር የምትሄዱ ከሆነ በስኒ ውሃ በረዶ አድርጉና አንድ ብር ሳንቲም ላዩ ላይ አስቀምጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ተዉት። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ሰላም ነው። ግርጌ ወርዶ ካገኛችሁት ግን፣ ስጋው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ቢጠብቃችሁም እናንተ በሌላችሁበት ቀልጦ ስለነበር ወደ ድስት አይገባም።