«እሺ» ሬዲዮ ላይ አይሠራም

ደብረ ብርሃን ውስጥ አብራሪ ወይም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ለመሆን የሚዘጋጁ ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ሰዋስዋቸው ጥሩ ነው። የሬዲዮ ልምምድ ስንጀምር የሚጥላቸው አማርኛቸው ነው።

ዋናው ስህተት «እሺ» ነው። እኛ ዘንድ እሺ ማለት ሰማሁም፣ አደርገዋለሁም፣ አንዳንዴም «በቃ ተወኝ» ነው። ሬዲዮ ላይ ሁሉም የየራሱ ቃል አለው። «ሮጀር» መልእክቱ ደርሶኛል ብቻ ነው። «ዊልኮ» ደርሶኛል፣ እፈጽማለሁ ነው። «አፈርም» ደግሞ አዎ። ልጆቹ ግን ሁሉንም በ«ኦኬ» ይገላገሉታል።

በ1977 እ.ኤ.አ. ቴኔሪፍ በሚባለው የስፔን ደሴት አየር ማረፊያ ላይ ጉም ነበር፤ ጣርማበርን በክረምት ያለፈ ሰው ዓይነቱን ያውቀዋል። የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ረዳት አብራሪ «አሁን ቴክኦፍ (መነሣት) ላይ ነን» አለ። አውሮፕላኑ መንደርደር ጀምሯል፤ ተቆጣጣሪው ግን ቆሞ የሚጠብቅ መሰለው። «ኦኬ» ብሎ ጠብቅ ሲለው፣ ጠብቅ የሚለው በሬዲዮ ጩኸት ተዋጠ። ኦኬዋ ብቻ ደረሰች። ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ዛሬ «ቴክኦፍ» የሚባለው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ «ዲፓርቸር» ነው። ከፍታ ወይም ማኮብኮቢያ ሲነገርህም «ሮጀር» አይበቃም። ቁጥሩን መልሰህ ታነባለህ።

ሌላው ይሉኝታ ነው። መንዝ ሄደህ ስትጋበዝ፣ ርቦህም ቢሆን «ኧረ በልቻለሁ» ትላለህ። ባለቤቲቱ «በሞቴ» ብላ ታጎርስሃለች። ታወር (የተቆጣጣሪዎቹ ማማ) ላይ በሞቴ የሚልህ የለም። በ1990 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ አቅራቢያ የወደቀው የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብሎ ነበር። አደጋ ላይ ነን ብሎ ግን አላወጀም። 73 ሰው ሞተ። ነዳጁ እዚያ ከደረሰ የሚባለው «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ ፉዌል» ነው። ማፈር የለም።

ሰዓትም ያምታታል። አቪዬሽን የሚሠራው በዩቲሲ፣ ማለትም ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው ሰዓት ነው፤ የእኛ ከጧቱ 3 ሰዓት እዚያ 0600 ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ዩቲሲ ሲቀይሩ መሀል ላይ ይጠፋሉ። ለቀኑ ሰዓት 3 ደምሩ ብዬ ገላገልኳቸው።

አነባበብ ብዙም አያሳስበኝም። በሬዲዮ ሕግ 9 «ናይነር» ነው፣ 3 ደግሞ «ትሪ»። ለ«th» ድምፅ ምላስህን በጥርስህ መሀል አድርግ እየተባሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲታረሙ የኖሩት ልጆቼ ይህን የሰሙ ቀን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።