የሴት ሥዕል ስታዩ «አዝናለች» ብላችሁ አትለፉ

የአንዲት ሴት ሥዕል ፊት ስንቆም መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «አዝናለች» ወይም «ደስ ብሏታል» ነው። ጥሩ ነው፣ ግን እዚያ አታቁሙ። ያንን ስሜት ያመጣው የሆነ ቦታ ላይ ያረፈ ብሩሽ ነውና ቦታውን ፈልጉት።

መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ዓይናችሁን አጨንቁሩ። ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል። ግማሽ ፊቷ ጨለማ ውስጥ ከገባ ሥዕሉ ይከብዳል፣ ፊቷ እኩል ከበራ ደግሞ ቀለል ይላል።

ከዚያ ጠርዞቹን እዩ፤ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። የጉንጯ ዳር በቢላ የተቆረጠ ይመስላል ወይስ እንደ ጭስ ይሟሟል? ዳ ቪንቺ የሞና ሊዛን የከንፈርና የዓይን ጫፍ በስስ ቀለም ደራርቦ አደብዝዞታል፤ ስፉማቶ የሚሉት ይሄንን ነው። የሰውን ስሜት በብዛት የምናነበው ከእነዚሁ ጫፎች ስለሆነ፣ ሲደበዝዙ ፈገግ ማለቷንም አለማለቷንም እርግጠኛ መሆን ያቅተናል።

አሁን የሆላንዱ ሠዓሊ ቨርሜር እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ የሣላትን ባለ ዕንቁ ጉትቻዋን ልጅ ስልካችሁ ላይ አውጡና አጉሉት። ዕንቁው ላይ ምን አለ? ከላይ ደመቅ ያለ ነጭ ጠብታ፣ ከታች የነጭ አንገትጌዋ ፈዛዛ ነጸብራቅ፣ በቃ። ጆሮዋ ላይ የሚያንጠለጥለው ማያያዣ እንኳን የለም፣ ክቡን የሚጨርሰው የእናንተ ዓይን ነው። አፍንጫዋም ከወዲያኛው ጉንጯ የሚለየው መስመር የለውም፤ ቆዳው ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ከንፈሯ ገርበብ ብሏል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፈካ ያለች ነጥብ አለች፣ እርጥብ የሚያስመስለው እሷ ናት። ትከሻዋ ወደ ጎን፣ ፊቷ ወደ እኛ ነው። አሁን ስሟን የጠራናት የሚመስለን ለዚህ ነው።

በቀለም ቀመር አትታለሉ። «ሰማያዊ ሐዘን ነው» ይባላል፤ የዚህችኛዋ የራስ መጠምጠሚያ ሰማያዊ ነው፣ ያዘነች ግን አትመስልም። የተዘጋ አፍም ሁልጊዜ ቁዘማ አይደለም። ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ሰው ፈገግታውን ይዞ መቆየት ይከብደዋል።

ዋናውን ሥዕል በአካል ካገኛችሁት ደግሞ ከጎን ሆናችሁ እዩት። የቀለሙን ውፍረት ስልክ አያሳይም፤ ወፍራም የብሩሽ ምት ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ዓይናችሁ እንዲያርፍ የፈለገበት ነው።

በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ «ስለዚህ» የሚል ቃል ያለበት፦ «የዓይኗ ጫፍ ደብዝዟል፣ ስለዚህ ሐሳቧን የደበቀች ትመስላለች።» ከ«ስለዚህ» በፊት የሚጻፍ ካጣችሁ ተመልሳችሁ እዩ።