ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ላንጋኖ አሸዋ፦ ትንንሽ ልጆች ይዞ ሐይቅ ዳር ለመሰንበት

ሰሜን ሸዋ ያለ ቤተሰብ ልጆቹ አሸዋ ላይ ተንከባለው፣ ውኃ ውስጥ ተንቦጫርቀው የሚመለሱበት ቦታ ሲፈልግ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ላንጋኖ ነው። የጅቡቲ ባሕር ፓስፖርትና ረጅም የበረሃ መንገድ ይጠይቃል። ባቱ (የቀድሞው ዝዋይ) እና ሐዋሳ ለዓይን ቢያምሩም ውኃቸው ቢልሃርዚያ አለበት፤ ልጅ እግሩን እንኳ ባይነክርባቸው ይሻላል። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው፣ አሸዋማ ዳርቻ አለው፣ ከደብረ ብርሃን የሚርቀውም 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቀለሙ ወተት የገባበት ሻይ ስለሚመስል ቆሻሻ ነው ብሎ የሚሸሸው ሰው አለ። ቡናማ ያደረገው ነፋስ እያማሰለው ሳይዘቅጥ የሚቆይ ደቃቅ አፈር እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ በዚህ ውኃ አንድ ክንድ እንኳ ጠልቆ የገባ ልጅ ከላይ አይታይም። ለጉዞው ስትዘጋጁ፣ ልብስ ከመግዛት ጀምሮ፣ ይህን አትርሱ።

መቼና ስንት ቀን

ጥርና የካቲት ይመረጣሉ። ዝናብ እምብዛም የለም፣ ትምህርት ቤቶችም የመንፈቅ ዓመት እረፍት የሚሰጡት በዚያው ሰሞን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከዋናው አስፋልት ወደ ዳርቻው የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ይጨቀያል። ዐቢይ ጾም በየካቲት ከገባ ማረፊያው የጾም ምግብ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው፤ ሙዚቃውም ልጅ አያስተኛም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ። ከሦስት ሌሊት ያነሰ አያዋጣም፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በመንገድ ያልቃሉ፣ ሁለት ሌሊት ብቻ የያዘ ሰው ውኃ ዳር የሚውለው አንድ ቀን ነው።

ክፍል ስታስይዙ ስለ ዋጋው ብቻ አትጠይቁ። ከክፍሉ በር እስከ ውኃው ስንት እርምጃ ነው? በመካከሉ አጥር አለ? ከሃምሳ እርምጃ በታች ከሆነና አጥር ከሌለው፣ ሁላችሁም ተኝታችሁ ሳለ የሁለት ዓመት ልጅ በር ከፍቶ ሊወጣ ስለሚችል ሌላ ክፍል ጠይቁ። በየአልጋው ያልተቀደደ አጎበር አለ? ዳርቻው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው ወይስ በድንገት? የልጅ ላይፍ ጃኬት አላቸው? ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎ» ቢሏችሁም አትተማመኑ፤ ብዙ ጊዜ ያለው የአዋቂ ልክ ነው።

መንገዱ

ከደብረ ብርሃን ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ ሦስት ጊዜ አርፎ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ይደርሳል። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ የሚመጣ ቤተሰብ ደብረ ብርሃን አድሮ ቢነሳ ይሻለዋል፤ ጣርማ በር ላይ ማለዳ ጉም ሲወርድ መንገዱ ይዘገያል። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቁ። በጨለማ አትጓዙ፣ መታወቂያም በእጅ ይኑር።

ከአያት በጎሮ አድርጎ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወጣው መንገድ የአዲስ አበባን መሀል ከተማ ያስቀራል። ቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱ መግቢያ ነው፤ እስከ ሞጆ፣ ከዚያም እስከ ባቱ የሚሄደው ፈጣን መንገድ ነው። ልጅ «ሽንቴ መጣ» ቢል እንደ ልብ ዳር ይዞ መቆም ስለማይቻል፣ ሁሉንም ልጆች ከመግቢያው በፊት አስሸኗቸው፣ «አልመጣም» ያለውንም ጭምር። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ላምበረት ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ሌላ መኪና ይይዛል። ሻንጣና ሁለት ሕፃን ይዞ ይህን ማድረግ አድካሚ ስለሆነ ሁለት ቤተሰብ ተዳብሎ ሚኒባስ ቢኮናተር ይመረጣል።

ልጅ፣ በእቅፍም ቢሆን፣ ፊት ወንበር ላይ አይቀመጥ። በፈጣን መንገድ ላይ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅን የሰው ክንድ ሊያስቀረው አይችልም። መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ጠዋት ወተት አይጠጣ፤ ደረቅ ዳቦ ይብቃው። ስልክ እንዳያይ፣ ወደ ፊት ወደ መንገዱ እንዲያይ አድርጉት።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ላንጋኖ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ሹራቡን ሞጆ ላይ ያወልቃል። ሹራቡን ግን ሻንጣ ግርጌ አትቅበሩት፤ ስትመለሱ ማታ ደብረ ብርሃን ላይ በስስ ልብስ የሚወርድ ልጅ በብርድ ይንቀጠቀጣል።

ስንቅ

በሶ እንደ ዱቄቱ ይያዝና እዚያው በታሸገ ውኃ ይበጥበጥ። ጭኮ ያጠግባል፣ አይበላሽም፤ ነገር ግን በሙቀቱ ቅቤው ቀልጦ ልብስ ያበላሻል፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በፌስታል ጠቅልሉት። ድርቆሽ ከእንጀራ ይሻላል፤ በፕላስቲክ የታሰረ እንጀራ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለትልልቆቹ ብቻ ነው፤ ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ የቆሎ ፍሬ ሊያንቀው ይችላል፣ በሚሄድ መኪና ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው። የተቀቀለ እንቁላል ከሁለት ሰዓት በላይ ከውጭ ከቆየ ጣሉት፣ የሥጋ ወጥም አትያዙ።

ውኃ ለአዋቂ በቀን 3 ሊትር፣ ለልጅ 1 ሊትር ተኩል አስሉ። ሁለት አዋቂና ሦስት ልጆች ለሦስት ቀን 32 ሊትር ገደማ ያስፈልጋቸዋል፤ ባቱ ላይ ብትገዙት መኪናው እስከዚያ ይቀለዋል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ጡት ደጋግሞ ይጥባ እንጂ ውኃ አይሰጠው። ኦአርኤስ አራት ወይም አምስት ከረጢት ያዙ፦ አንዱ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ በወጣ ቁጥር፣ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ ይጠጣ።

ሐይቅ ዳር ዓሣ መብላት የጉዞው ደስታ ነው። ቆሮሶ ግን አጥንታም ስለሆነ ለልጅ ፊሌቶ እዘዙ፣ ያንንም ቢሆን በጣት እየዳሰሳችሁ አጉርሱ።

ፀሐዩ

የደብረ ብርሃን ፀሐይ ደካማ ስለሆነ አይደለም ልጆቻችሁን የማያቃጥላቸው፤ ሹራብና ኮፍያ ስለሸፈናቸው ነው። ላንጋኖ ላይ ያው ልጅ ራቁቱን ይሆናል፣ ውኃውና አሸዋውም ብርሃኑን መልሰው ይረጩበታል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ዘግይቶ ስለሚታወቅ ብቻ አይታመንም።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ልጆች ጥላ ሥር ይዋሉ፤ ምሳና እንቅልፍ የሚሆነውም ያኔ ነው። እጅጌው ረጅም አሮጌ ቲሸርት ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። ፊት፣ ጆሮ፣ የአንገት ኋላና የእግር ጀርባ ላይ 30 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከመውጣታችሁ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ቀቡ። በየሁለት ሰዓቱና ከውኃ በወጡ ቁጥር ድገሙት። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ጥላ ሥር ብቻ ይሁን።

ጫማ አትናቁ። ዳርቻው በግራር የተሞላ ነው፣ የወደቀው እሾህ ስስ ነጠላ ጫማ ይበሳል። ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ተረከዙን በማሰሪያ የሚይዝ ሰንደል ያዙ። በአየር የሚነፋ መጫወቻን የሚያፈነዳውም ይኸው እሾህ ነው።

ውኃው

የዋና ልብስ ስትገዙ ቀለሙን አስቀድሙ፦ ብርቱካናማ፣ የሚያበራ ቢጫ ወይም የሚያበራ አረንጓዴ። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ግራጫና ቡናማ በዚህ ውኃ ላይ ይጠፋሉ።

ከልጆቹ በፊት አንድ አዋቂ ዱላ ይዞ ይግባ። በየእርምጃው መሬቱን እየወጋ ድንጋይ፣ ጉድጓድና ድንገት የሚጠልቅ ቦታ ይፈልግ። በስተግራም በስተቀኝም አሥር አሥር እርምጃ ይይ፣ ከዚያ ዳርቻው ላይ ሁለት ካስማ ተክሎ የመጫወቻውን ወሰን ያሳይ። ጠዋት ያያችሁትን ማታ እንደገና እዩት። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥልቀቱ ከጉልበቱ አይለፍ፤ እስከ ስምንት ዓመት ላለው ከእምብርቱ አይለፍ።

አምስት ዓመት ላልሞላው እያንዳንዱ ልጅ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል፤ ይህም አዋቂ እጁን ሲዘረጋ ልጁን የሚነካበት ቦታ ላይ ይቁም። የሚሰምጥ ልጅ አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም፤ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። አደጋው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ብዙ ዘመድ በተሰበሰበበት ነው፣ ሁሉም ሌላው ያያል ብሎ ስለሚያስብ። ስለዚህ ፊሽካ ግዙ። ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ሰው ተረኛ ነው፦ ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይጠጣም፣ ጨዋታ አይገባም። በ20 ደቂቃ ይቀየራል፤ ሲቀየርም ፊሽካውን በእጅ አስረክቦ «ሦስት ልጆች ውኃ ውስጥ ናቸው» ብሎ ቆጥሮ ነው። አያት ተረኛ ከሆኑ ሮጠው ገብተው ልጅ ማውጣት የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ካልቻሉ በአክብሮት ከተራው ይቅሩ።

የሮቢት ወንዝ ውስጥ መዋኘት የለመደ ልጅ «እችላለሁ» ይላል። ወንዙ ውስጥ ማዶው ይታየዋል፣ ቶሎም ይቆማል። ሐይቅ ግን ማዶው ሩቅ ነው፣ ማዕበሉም አፍ ይሞላል። እንደማይችል ቁጠሩት።

ከመነዳሪና በአየር የሚነፋ ክብ ጎማ መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደሉም። ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ጎማ ላይ የተቀመጠን ልጅ ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። ማዕበሉ ነጭ አረፋ ማውጣት ከጀመረ ልጆች ይውጡ። መተማመን ያለባችሁ በላይፍ ጃኬት ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ኪሎ ከልጁ ክብደት ጋር ይግጠም፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያም ይኑረው። አልብሳችሁ ዘለበቱን ሁሉ ቆልፉና ከትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ጎትቱ፤ ጃኬቱ አገጩን አልፎ ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው፣ ውኃ ውስጥ ልጁን ጥሎት ይወጣል። ጀልባ ላይ ልኩ የሆነ ጃኬት ያልለበሰ ልጅ አይሳፈር።

በመጀመሪያው ቀን እግር መንከር ይበቃል። ከደጋ የመጣ ልጅ ብዙ ውኃ አይቶ ቢፈራ አትጎትቱት፤ በጀሪካን ቁራጭ አሸዋና ውኃ እያዛወረ ራሱ ይቀርባል። በየ20 ደቂቃው አውጡት፤ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከተንቀጠቀጠ ደርቆ፣ ሞቅ ብሎት፣ አንድ ነገር እስኪቀምስ አይመለስ። ሲጨርስ በቧንቧ ውኃ ታጥቦ ቅባት ይቀባ፣ የሐይቁ ጨዋማነት ቆዳ ያደርቃል። አሸዋ ሲቆፍሩም ጉድጓዱ ከትንሹ ልጅ ጉልበት አይጥለቅ፤ ጠርዙ ሲናድ ልጅ ይቀብራል።

የሰመጠ ልጅ ከወጣ ተዘቅዝቆ አይንጠልጠል፣ ሆዱም አይጨመቅ። ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝታችሁ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ካልነቃ የደረቱን መሀል በሲሶ ጥልቀት 30 ጊዜ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት ተጫኑ፤ ሁለት ትንፋሽ ስጡ፣ እርዳታ እስኪደርስ ደጋግሙት። ሌላ ሰው በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። ልጁ ቢነቃም ሐኪም ሳያየው አይቅር።

አካባቢውን ለማየት

የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሰጎንና ከርከሮ ልጆችን ያስደስታሉ። የሻላ ፍል ውኃ ግን ያቃጥላል፣ እጃቸውን ሳትለቁ ከሩቅ አሳዩአቸው። የአብያታ ዳርቻ ደረቅ መስሎ ከሥሩ ጭቃ ስለሆነ ልጅ ሮጦ አይግባበት። ማረፊያው አካባቢ ጦጣ ካለ ልጅ ምግብ ይዞ አይዙር፤ ሲቀማ ይቧጭራል።

ማታና ከተመለሱ በኋላ

የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌና ካልሲ ይልበሱ፤ ሳይጨልም አጎበሩን ዘርግታችሁ ጠርዙን ፍራሽ ሥር አስገቡ። የትንኝ ማባረሪያ ቅባት በልጅ መዳፍ ላይ አይቀባ፣ ዓይኑን ያሽበታልና። ነፍሰ ጡር ወይም ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ፣ የወባ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪም ጠይቁ።

የደጋ ልጅ ወባን የሚችልበት ልማድ በሰውነቱ የለም። ላንጋኖ ከደረሳችሁ ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ የሚመጣ ትኩሳት፣ ወራት ቆይቶ ቢሆን እንኳ፣ ወባ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ትኩሳት የያዘውን ልጅ የሚያየው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋንና የሳንባ ምች ነው፤ ካርድ ስታወጡም ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡም «ላንጋኖ አድሮ ነበር» ብላችሁ ቀኑን ንገሩ።