አርክቴክት የነደፈው አሮጌ ቪላ የማን ነበር? በአዲስ አበባ የባለቤትነት ታሪክ አፈላለግ

ከዛሬው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከነዳፊው ስም የሚጀምር ሰው በወሬ ይጠፋል፤ ለየት ያለ ቪላ በታየ ቁጥር «ማዘጋጃ ቤቱን የነደፈው መዘዲሚ ነው የሠራው» ባይ አይታጣም።

የካርታውን ቁጥር፣ የተሰጠበትን ቀንና የቦታውን ስፋት በካሬ ሜትር ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማው ሂዱ። የባለይዞታውን ፈቃድ ወይም ውክልና ካልያዛችሁ ፋይሉን አታዩትም። የሚፈለገው የስም ዝውውሩ ነው፦ ውልና ማስረጃ የጸደቀ የሽያጭ ወይም የስጦታ ውል፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የፍቺ ንብረት ክፍፍል። እያንዳንዱን «ከማን፣ ለማን፣ በምን፣ መቼ» ብላችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። የአንዱ ገዥ ቀጥሎ ሻጭ ሆኖ ካልመጣ መሃል ላይ ወረቀት ጎድሏል፤ መጀመሪያ ውርስን ጠርጥሩ።

1967 ላይ የዝውውሩ ሰንሰለት ይበጠሳል። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት የመንግሥትን ቤቶች ለሚያከራየው መሥሪያ ቤት፣ ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። አርክቴክት የነደፈው ቪላ በ100 ብር እምብዛም ስለማይከራይ፣ ከተወረሰ ማህደሩን ወረዳ ላይ ሳይሆን ኪራይ ቤቶችን በተካው በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት የኖረበት ሰው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ የኪራይ ደረሰኝ ክምር አያታልላችሁ። «ያላግባብ ተወስዷል» ተብሎ በአዋጅ ቁጥር 110/1987 አቤቱታ ቀርቦበት ከነበረ ግን የቀድሞው ባለቤት ማስረጃ ከአቤቱታው ጋር ተያይዞ ሊገኝ ስለሚችል እሱን አስቀድሙ።

የቤት ቁጥር ላይ አትመኩ። «ከፍተኛ፣ ቀበሌ» የሚለው አድራሻ ወደ ክፍለ ከተማና ወረዳ ሲዞር ቁጥሩም ተቀያይሯል። የማይዋሽ ነገር ቢኖር የቦታው ቅርጽ፣ ስፋትና አዋሳኞቹ ናቸው። ስፋቱ ከቀነሰ ግቢው ተከፍሏል ወይም ለመንገድ ተቆርጧል።

የቤቱን የግንባታ ፕላን ካገኛችሁ ጥጉ ላይ ያለውን ሳጥን እዩ። እዚያ አሠሪ ተብሎ የተጻፈው ያሠራው ሰው ስም ነው፤ ባለቤት መሆኑን አያረጋግጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ ዜጋ ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር፤ ስለዚህ ፕላኑ በፈረንጅ ስም፣ ቦታው በኢትዮጵያዊት ሚስቱ ስም ሊሆን ይችላል። ቀኑም ያሳስታል፦ ፈረንጅ በሳለው ፕላን ላይ «1967» ካለ በእኛ 1959 ወይም 1960 ነው፤ ከአዋጁ ዓመት ጋር አይገናኝም።

ሰርቪሱን፣ ማለትም ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉትን ክፍሎች፣ ለብቻው አጣሩ። ዋናው ቤት ለባለቤቱ ተትቶ ወይም ወደ ኪራይ ቤቶች ገብቶ፣ ከጀርባ ያሉት ክፍሎች የቀበሌ ቤት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ያኔ በአንድ አጥር ውስጥ ሁለት ታሪክ አለና ሁለት የዝውውር ዝርዝር አዘጋጁ።