የአጎቴ ያልቀረቡ የግብር ማስታወቂያዎች እንዴት ተስተካከሉ

አጎቴ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳሉ። ከሕመማቸው ወዲህ ለዓመታት የግብር ማስታወቂያ አላቀረቡም፤ «ገንዘቡ ሳይኖረኝ ምን ላቅርብ?» ይሉ ነበር። ስሌቱ ግን ተቃራኒ ነው፦ አለማቅረብ ካልተከፈለው ግብር ላይ በወር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል፤ አለመክፈል በወር 0.5 በመቶ ብቻ።

መፍትሔው በአይአርኤስ (በአሜሪካ ፌዴራል ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ፊት የመወከል ፈቃድ ያለው፣ ኢንሮልድ ኤጀንት የሚባል የግብር ባለሙያ መያዝ ሆነ። በቅጽ 2848 ውክልና ተሰጠው፤ የጠፉትን የገቢ ወረቀቶች ከራሱ ከአይአርኤስ መዝገብ አወጣ። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ የታክሲ ሒሳብ እዚያ ስለማይገኝ ከባንክ መግለጫና ከነዳጅ ደረሰኝ አሰባሰብነው፤ እውነተኛው ድካም ይህ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ እንዲቀርብ የሚጠየቀው የመጨረሻዎቹ 6 ዓመታት ማስታወቂያ ነው።

ዕዳው በየወሩ እንዲከፈል ተፈቀደ። ከአንዱ ዓመት ተመላሽ ገንዘብ ነበራቸው፤ ተመላሽ የሚጠየቅበት የ3 ዓመት ገደብ ስላለፈ ቀረ። አጎቴን ከቅጣቱ ይልቅ ያናደዳቸው እርሱ ነው።