የአኩስቲክ ጊታር ፒካፕ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ፒካፕ የጊታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ወደ አምፕሊፋየር የሚልከው ዕቃ ነው። «ፒካፑ ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት ጊታሩን በሌላ ገመድና በሌላ አምፕሊፋየር ሞክሩት። ቀልዴን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ገመዱ ነው። እዚህ የማወራው ከሳድሉ ስር ስለሚቀመጠው ፒዞ ፒካፕ ነው። ሳድል ማለት ክሮቹ ብሪጁ (የጊታሩ ገጽ ላይ የተለጠፈው እንጨት) ላይ የሚያርፉበት ቀጭኗ ነጭ ዘንግ ናት።

ድምፁ ይሻክራል፣ ወይም ጭራሽ የለም፦ መጀመሪያ ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ ቀይሩ። ፕሪአምፑ (የፒካፑን ደካማ ሲግናል የሚያጎላው፣ ጊታሩ ውስጥ ያለው ክፍል) ኃይል ሲያጥረው ድምፁ ይሰባበርና በመጨረሻ ጭጭ ይላል። ባትሪው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባችሁ ከሆነ ገመዱን እንደሰካችሁ አትደሩ። በአብዛኞቹ ጊታሮች ፕሪአምፑን የሚያበራው ገመዱ ጃኩ (ጊታሩ ላይ ያለው የገመድ መሰኪያ) ውስጥ መግባቱ ነው።

ገመዱ ሲነካ ይንኮሻኮሻል፦ ጃኩ ላልቷል። ዳዶውን አጥብቁ፤ ግን ጃኩ አብሮ ከዞረ ውስጥ ያለው ሽቦ ይበጠሳልና ያዝ አድርጉት። ከተበጠሰ በስታኞ መልሶ መበየድ ነው።

አንዱ ክር ብቻ ድምፁ ደክሟል፦ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። ፒዞ የሚሠራው በግፊት ነው፤ ክሩ ሳድሉን ይጫናል፣ ሳድሉ ደግሞ ፒዞውን። የሳድሉ ታች ከጎበጠ ወይም የተቀመጠበት ቦይ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ካለ ግፊቱ እኩል አይደርስም። ክሮቹን አላሉ፣ ሳድሉን አውጡ፣ ቦዩን ጥረጉ። ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግታችሁ የሳድሉን ታች ቀጥ አድርጋችሁ ሞርዱት። በጥቂቱ ይሁን። ሳድሉ ካጠረ ክሮቹ ወርደው ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች) እየነኩ ዝዝ ይላሉ። ቦዩ ውስጥ ተጨንቆ የሚገባ ሳድልም ግፊት አያስተላልፍም፤ በጣት የሚወጣ፣ ግን የማይወላገድ ነው የሚፈለገው። መልሳችሁ ከገጠማችሁና ከቃኛችሁ በኋላ ሳድሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥፍር መታ መታ አድርጉት። አሁንም ድምፅ የማይሰጥ ቦታ ካለ ያን ጊዜ ፒዞውን ጠርጥሩ።

እምምም የሚል ጉርምርምታ አለ፦ በአካባቢው ያለውን ቻርጀር ንቀሉ። ካልጠፋ የጃኩን ግራውንድ (የመሬት) ሽቦ እዩት።

ፒካፑን መቀየር ግድ ከሆነ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ከማዘዛችሁ በፊት የቦዩን ስፋት ለኩ። ብዙውን ጊዜ 2.4 ወይም 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ሰፊው ፒካፕ ጠባቡ ቦይ ውስጥ አይገባም። አዲሱን ስታስገቡ ከቦዩ ወደ ጊታሩ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጋ ሹል አድርጋችሁ አትጠፉት፤ ውስጡ ይሰበራል። ከአሮጌው ከወፈረ የልዩነቱን ያህል ከሳድሉ ታች ሞርዱ፤ አለዚያ ክሮቹ ከፍ ብለው ጣት ያደክማሉ።